ተገላገልን ስለ ማለት

ሰው ሥራውን ሊሸፍነው ይችላል፤ ሳያስበው ከአፉ የሚያመልጠው ቃል ግን ልቡን ያጋልጠዋል። ስለዚህም የሕዝብን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አዋጁን ብቻ ሳይሆን በየቡና ቤቱና በየደጃፉ የሚባለውን ጭምር ያድምጥ። እኔም ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ቃል ነው። ቃሉ «ተገላገልን» የሚል ነው።

ይህ ቃል በቋንቋችን ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ከሸክም ወይም ከችግር የተላቀቀ ሰው የሚናገረው ነው። ሁለተኛው ስለ ወላድ የሚነገረው ነው፤ ሴት ልጅ ምጧ አልፎ በደኅና ስትወልድ «ተገላገለች» ይባላል። ነገር ግን የተገላገለች ሴት ሥራዋ አለቀ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ተጀመረ። የተወለደው ይጠባል፣ ይታመማል፣ ያለቅሳል፣ ያድጋል። ልጁን መንገድ ላይ ጥላ «ተገላገልሁ» የምትል ሴት ብትገኝ ምን እንደምንላት አንባቢ ያውቃል።

ታኅሣሥ 19 ቀን 1999 ዓ.ም. የቅዱስ ገብርኤል በዓል ነበረ። በዚያ ቀን የሐዋሳ ከተማችን እንግዳ የሚበዛባት መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ከየአገሩ የመጣ ምእመን ደብሩን ከብቦ፣ ነጩ ነጠላ እስከ አደባባዩ ድረስ ሞልቶ ይውላል። ከበዓሉ ስንመለስ ሬዲዮ ጦራችን ከሶማሊያ የሽግግር መንግሥት ወታደሮች ጋር ሞቃዲሾ መግባቱን ነገረን። የዕለቱን መልአክ ምስክር አድርጎ እልል ያለም ነበረ። ሁለት ዓመት ከጥቂት ሳምንት አለፈና በጥር 2001 ዓ.ም. ያው ጦር ሞቃዲሾን ለቆ ወጣ ሲባል፣ በዚያው ሰፈር፣ በዚያው ሰው አፍ፣ «እሰይ፣ ተገላገልን» ሲባል ሰማሁ። እውነቱን ልናገርና ከተናገሩት አንዱ እኔ ራሴ ነበርሁ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ሌላውን ሰው ብቻ የምወቅስ አይምሰላችሁ።

እንግዲህ የሆነውን በቅደም ተከተል እንመልከት። ሶማሊያ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ግድግዳዋ ፈርሶ ነበር። የአሜሪካ ጦርና የተባበሩት መንግሥታት ጦር ረኃብተኛ ለማብላት ገብተው፣ በመስከረም 1986 ዓ.ም. በሞቃዲሾ አደባባይ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1986 እና በ1987 ዓ.ም. ተከታትለው ወጡ፤ ዓለምም በራሱ ቋንቋ ተገላገልን አለ። ከዚያ ወዲያ አገሪቱ የጦር አበጋዞች መጫወቻ ሆነች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት አበጋዞቹን አባርሮ ሞቃዲሾን ያዘ፤ በዓለም የታወቀው የሽግግር መንግሥት ግን ከባይደዋ ከተማ አልፎ የሚያዝበት ቦታ አልነበረውም። ከኅብረቱ መሪዎች አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ አወጁ። መንግሥታችንም አደጋው ደጃፌ ደርሷል ብሎ ዘመተ። ዘመቻው በቀናት ተፈጸመ።

መግባቱ የቀለለውን ያህል መቀመጡ ከበደ። ቀን ገበሬ፣ ማታ ተኳሽ የሆነ ጠላት በየጎዳናው ፈንጂ ቀበረ። በ1999 ዓ.ም. በሞቃዲሾ በተደረገው ውጊያ ከባድ መሣሪያ በመንደር ላይ ወደቀ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም ከተማውን ጥሎ ወደ አፍጎዬ መንገድና ወደ ሌላው አገር ተበተነ። ከፍርድ ቤቶቹ ኅብረት ውስጥ ትንሽና ጨካኝ ክፍል የነበረው አልሸባብ «የውጭ ጦር አገራችሁን ይዟል» እያለ ጎረምሳውን ሰበሰበ። ይህን መደበቅ አይገባም። አልሸባብ የተወለደው ጦራችን ሲወጣ አይደለም፤ ጦራችን ሳለ አድጓል፣ ጦራችን ሲወጣ ወርሷል።

መውጣቱ ደግሞ እንዲህ ሆነ። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ጂቡቲ ላይ በተደረገው ስምምነት ጦራችን እንዲወጣ ተወሰነ። በእርሱ ፋንታ ይቆማል የተባለው የአፍሪካ ኅብረት ጦር 8,000 ሰው እንዲኖረው ተፈቅዶ ሳለ፣ ጦራችን ሲወጣ የነበሩት የዑጋንዳና የቡሩንዲ ወታደሮች የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞሉም ነበር። እኛ ካሠለጠንናቸው የሶማሊያ ወታደሮችና ፖሊሶች አብዛኞቹ ደመወዝ አጥተው ከነመሣሪያቸው ጠፍተዋል ወይም ከድተዋል፤ ይህንንም የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች በዚያው ጊዜ ጽፈውታል። ጥር 18 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ የጦራችን አቧራ ገና ሳይበርድ፣ የፓርላማው መቀመጫ ባይደዋ በአልሸባብ እጅ ወደቀች። በዚያው ወር የሽግግሩ መንግሥት ፓርላማ ጂቡቲ ላይ ተሰብስቦ ሼክ ሸሪፍ አሕመድን ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። እኚህ ሰው ከሁለት ዓመት በፊት ጦራችን ያባረረው ኅብረት መሪ የነበሩ ናቸው። እንግዲህ ሁለት ዓመት የሞቱት ሰዎች ስለ ምን ሞቱ ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ቢኖር የሚመልስለት ማን ነው?

ተገላገልን ካልን በኋላ የተወለደው ልጅ አደገ። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ሌሊት ካምፓላ ውስጥ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲያይ የነበረ ሕዝብ በአልሸባብ ቦምብ አለቀ፤ ከ70 በላይ ሰው ሞተ። ቦምብ ከፈነዳባቸው ቦታዎች አንዱ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበረ። በ2003 ዓ.ም. ዝናብ በጠፋ ጊዜ አልሸባብ በያዘው አገር የእርዳታ ድርጅቶችን አግዶ ነበርና ድርቁ ወደ ረኃብ ተለወጠ። በኋላ በተደረገ ጥናት ከጥቅምት 2003 እስከ ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. የሞተው ሰው ወደ 260,000 እንደሚደርስ፣ ግማሹም ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን እንደ ነበረ ተቆጥሯል። ለማምለጥ የቻለው ልጁን አዝሎ፣ ሌላውን በመንገድ ቀብሮ፣ ወደ ዶሎ አዶ መጣ። መጨረሻው ምን ሆነ? በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጦራችን እንደ ገና ተሻግሮ በለድወይኔን፣ በየካቲትም ያቺኑ ባይደዋን በደም አስለቀቀ። አንድን ከተማ ሁለት ጊዜ በደም መግዛት ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ ተነሥቶ ይከራከረኛል። «ጥፋቱ ድሮውንም መግባቱ ነው፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። መውጣቱ ግን በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም መንገድ ጽድቅ ነው» ይላል። የመጀመሪያውን ክፍል ልቀበለው እችላለሁ፤ ብዙ ዐዋቂዎችም እንደዚያው ይላሉ። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው አይከተልም። ሳይቸግረው ጤፍ የተበደረ ሰው መበደሩ ስሕተት ስለ ሆነ ዕዳው ይቀርለታልን? እንዲያውም በስሕተት የገባ ሰው በጥንቃቄ መውጣት የሚገባው እርሱ ነው። በሩን ሰብሮ የገባ ሰው «ስሕተት ነበር» ብሎ በሩን ክፍት ትቶ ቢሄድና ጅብ ቢገባ፣ የቤቱ ባለቤት የሚያለቅሰው በመግባቱ ብቻ አይደለም። ወዳጄ ነፍሱን ለማጥራት ቸኩሏል፤ የጎረቤቱን ነፍስ ግን አላሰበም።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ ሳነበው ሩቅ ይመስለኝ ነበር። ያቀረበልኝ በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሐዋሳ ስትቆረቆር ከመጀመሪያ ነዋሪዎቿ መካከል የጡረታ ወታደሮች እንደ ነበሩ ሽማግሌዎች ይነግሩናል፤ ስለዚህ በዚህ ከተማ የወታደር ጨዋታ የሚጠፋ አይደለም። እኚህ ሰው በዚያ አገር ሁለት ጊዜ ዘምተዋል። አንድ ቀን ከሐይቁ ዳር ተቀምጠን፣ የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች እያየን ሳለን፣ ከአንዲት ከተማ ሲወጡ የሆነውን ነገሩኝ።

በዚያች ከተማ ጅጅጋ ኖሮ አማርኛ የለመደ አንድ ሽማግሌ ነበረ። ውኃ ያለበትን ጉድጓድ ያሳያቸዋል፣ ከጎሣ ሽማግሌዎች ጋር ያስታርቃቸዋል፣ ሲታመሙም የግመል ወተት ይልክላቸዋል። የመውጫ ትእዛዝ የደረሳቸው ማታ ነው፤ ለማንም አትንገሩ ተብለዋል። ሲነጋጋ መኪና ሲሞቅ ሽማግሌው ሰምቶ መጣ። ኮተቱንና የተጠቀለለውን ድንኳን አየና ነገሩ ገባው። «ልጄ» አላቸው፣ «እናንተ አገር አላችሁ፤ ትሄዳላችሁ። የእኔ አገር ይኸው ነው። ከእናንተ ጋር ስበላና ስጠጣ ሁሉ አይቶኛል። እኔ ወዴት ልሂድ?» ሃምሳ አለቃው የሚመልሱት አጡ። «ሰላምታ ሰጥቼው መኪና ላይ ወጣሁ» አሉኝ። «ጥይት የመታኝ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ቀን አላመመኝም።» ከዚያ ወዲያ ስለ ሽማግሌው ያወቁት ነገር የለም። እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ከተማዪቱ የትኛዋ እንደ ነበረች አላነሣሁባቸውም፤ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት አንዲት ብቻ አይደለችምና። መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ጦራችን የባኮል ዋና ከተማ ከሆነችው ከሁዱር ሲወጣ አልሸባብ በዚያው ቀን ገባ፤ ብዙ ሕዝብም ከጦሩ ጋር ከተማውን ጥሎ ወጣ። በዓመቱ፣ በየካቲት 2006 ዓ.ም.፣ ሁዱር እንደ ገና ተያዘች። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ከኤል አሊ፣ ከሐልገንና ከቲየግሎ ሲወጣም የሆነው ያው ነው። በየቦታው ለወታደር ሻይ የሸጠች ሴት፣ ያስተረጎመ ወጣት፣ ምክር የሰጠ ሽማግሌ ነበረ። መንግሥት ከመንግሥት ጋር ሲጣላና ሲታረቅ ዕዳውን በአንገቱ የሚከፍለው ይህ ሰው ነው። ስለዚህም ነው ተገላገልን የሚለው ቃል የሚያሳፍረኝ።

የእኛም አገር እንዲህ ያለውን ነገር ቀምሳዋለች። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ እስረኞቹን ለማስፈታት መቅደላ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ሠዉ፤ ጦሩም እስረኞቹንና የመቅደላን ቅርስ ይዞ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። አገሩን ልያዝ ባለማለቱ ብዙዎች ያመሰግኑታል፤ እኔም በዚህ አልወቅሰውም። ነገር ግን ሲሄድ መንገድ ለለቀቁለት ለደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ትቶላቸው ሄደ። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስም፣ ምኒልክም፣ ካሣም እያንዳንዳቸው ዘውዱን የሚሹ ነበሩ። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ በተደረገው ጦርነት ያ መሣሪያ ብዙውን የተክለ ጊዮርጊስን ጦር አሸነፈና ካሣ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ። ዐፄ ዮሐንስ ታላቅ ንጉሥ መሆናቸውን የሚክድ የለም። ያም ሆኖ በመካከሉ የፈሰሰው የወገን ደም ተቆጥሮ ለእንግሊዝ ሹም አልተላከለትም። እርሱ በአገሩ ጌታ ተብሎ፣ ሐውልት ቆሞለት ኖረ።

ሌላም ምሳሌ አለን፤ ይኸኛው ግን ወደ ሌላው ወገን ያመዝናል። በ1933 ዓ.ም. ፋሺስት ሲባረር ረድቶን የገባው የእንግሊዝ ጦር ቶሎ ልውጣ አላለም። በጥር 1934 እና በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. በተደረጉት ውሎች ጥቂት በጥቂት ለቀቀ፤ ኦጋዴንን እስከ 1940 ዓ.ም. ማለቂያ፣ ሐውድን እስከ 1947 ዓ.ም. ይዞ ቆየ። አባቶቻችን ይውጣልን ብለው በየጉባኤው ተሟገቱ፤ መሟገታቸውም ትክክል ነበረ። በወጣ ጊዜ ግን አገሩ አልፈረሰም። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ወዲያው ሚኒስትሮች ተሹመው፣ ግምጃ ቤት ቆሞ፣ ዳኛ ተቀምጦ፣ ጦር ሠልጥኖ ስለ ቆየ ነው። ቁልፉን የሚረከብ ባለቤት በደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። እንግዲህ ሁለቱን ምሳሌዎች አስተያይቶ መፍረድ ነው፤ ለባለቤት ያስረከበ እንግዳና ለማንም ሳያስረክብ የሄደ እንግዳ አንድ አይደሉም።

በሌላው ዓለምም ነገሩ እንዲሁ ነው። የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን በየካቲት 1981 ዓ.ም. ሲወጣ ትቶት የሄደው መንግሥት በወራት ይወድቃል ተብሎ ነበር፤ ሦስት ዓመት ቆመ። የወደቀው ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ገንዘቡ፣ እህሉና ነዳጁ ሲቋረጥ፣ በሚያዝያ 1984 ዓ.ም. ነው። አሜሪካኖች ደግሞ በዚያው አገር 20 ዓመት ተቀምጠው፣ ብዙ ሺህ ሚሊዮን ብር አፍስሰው፣ ገና ጓዛቸውን ጠቅልለው ሳይጨርሱ ነሐሴ 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ካቡል ወደቀች። ከሚነሣው አውሮፕላን ጋር የሮጠውን፣ ከጎኑም ተንጠልጥሎ የወደቀውን ሰው ዓለም ሁሉ አይቶታል። ከኢራቅም በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ወጥተው፣ በሰኔ 2006 ዓ.ም. ሞሱል በጥቂት ቀን ውጊያ ተያዘች፤ የሠለጠነው ጦር ልብሱን አውልቆ ሸሸ። ከዚህ የምንማረው የቆይታው ርዝመት ብቻውን ዋስትና እንዳይደለ ነው። ደመወዙ የማይደርሰውና አለቃውን የማያምን ወታደር ለሁለት ዓመት ቢሠለጥንም፣ ለሃያ ዓመት ቢሠለጥንም ያው ነው።

ይህን ስናገር ሌላው ወዳጄ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ይነሣል። «እንግዲያውስ እስከ መጨረሻው መቀመጥ ነዋ! ጸጥታ እስኪሰፍን ማን ውጡ አለን?» ይላል። ለዚህኛውም እንደ ፊተኛው አልራራለትም። የሰው አገር ላይ ያለ ጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ጦር ጸጥታ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ፣ አባቶቻችን አምስት ዓመት በየዱሩ ባልታገሉ ነበር። ጣሊያንም መንገድ ሠርቼላችኋለሁ ይል ነበር። እንግዳ ጦር ሲሰነብት ጥሩው ሥራው እንኳ ይጠላል፤ ስሕተቱም ለጠላት ስብከት ይሆናል። አልሸባብን ያሳደገው ይህ እንደ ሆነ ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ስለዚህ መውጣት ግዴታ ነው። ክርክሬ ስለ መውጣት ሳይሆን ስለ አወጣጥ ነው።

ታዲያ ቀና የሆነ አወጣጥ ምን ዓይነት ነው? እኔ እንደሚመስለኝ አራት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ፣ ከመግባት በፊት ለማን እንደሚያስረክቡ ማወቅ ነው፤ የሚረከብ ከሌለ አለመግባት ይሻላል። ሁለተኛ፣ ከጠመንጃ ይልቅ ስለ ደመወዝና ስለ ዳኝነት ማሰብ ነው፤ ወታደሩ ደመወዙን በወሩ ካገኘ፣ ደሀውም አቤት የሚልበት ዳኛ ካለው ከተማው ባለቤት አለው። ሦስተኛ፣ ጊዜውን ለሕዝቡ ገልጦ፣ ቦታውንም ለሚተካ ጦር አስረክቦ በቀን መውጣት ነው፤ በሌሊት የሚወጣ ጦር እንደ ሌባ ይቆጠራል። አራተኛውና ትልቁ፣ ለረዱን ሰዎች መሸሸጊያ መስጠት ነው። እህል ውኃ አብሮን የቀመሰውን ሰው ለጠላቱ ትቶ መሄድ በእኛ ልማድ ነውር ነው። ከቤቱ የተጠጋውን እንግዳ አሳልፎ የማይሰጥ ሕዝብ፣ በሰው አገር ቤቱን የከፈተለትን ሰው እንዴት አሳልፎ ይሰጣል?

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ጦራችን ከጥር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪካ ኅብረት ሰንደቅ ሥር በዚያ አገር ሲያገለግል ቆይቷል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አልሸባብ ድንበር ጥሶ ወደ ሶማሌ ክልላችን ገብቶ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ የሩቅ ሰው ጉዳይ ነው የሚል ሰው ይታረም። በ2016 ዓ.ም. ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ባሕር በር በተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ምክንያት ሞቃዲሾ ተቆጥታ ጦራችሁን አውጡ ባለች ጊዜ፣ የደቡብ ምዕራብ ሶማሊያ ሹማምንት ደግሞ አትውጡብን አሉ። ሁለቱ መንግሥታት ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ ተስማሙና ነገሩ በረደ፤ በዚያው ወርም አዲስ የአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ የቀድሞውን ተካ። የገንዘቡ ነገር ግን ገና ከጅምሩ ያስጨንቅ ነበረ። የሚወጣበት ቀን አንድ ጊዜ መምጣቱ አይቀርም። ያ ቀን ሲመጣ በየደጃፉ ምን እንላለን?

እኔ በበኩሌ የምለውን ከአሁኑ ወስኛለሁ። ጦሩ በደኅና ሲመለስ ደስ ይለኛል፤ ልጁን የላከ ወላጅም ደስ ይበለው። ተገላገልን ግን አልልም። ይልቁንም «ለማን አስረክበን ወጣን? የረዱን ሰዎች የት ናቸው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ሹሙም፣ ጋዜጠኛውም፣ ካህኑና ሼኩም ይህንኑ እንዲጠይቁ እለምናለሁ። ጥያቄው ሽማግሌውን ከሞት አያስነሣውም፤ ምናልባትም ሞቶ አይሆንም፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ነገር ግን የሚጠይቅ ሕዝብ ያለው መንግሥት ወደ ሰው ቤት ከመግባቱ በፊት መውጫውን ያስባል።

ሃምሳ አለቃው ዛሬም ማታ ማታ ከሐይቁ ዳር ይቀመጣሉ። መኪና ሲሞቅ በሰሙ ቁጥር ዘወር ብለው ያያሉ። ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁና ዝም እላለሁ።